ፓስወርዱ ላይ የሚቆመው ኮምፒውተር፦ የሊኑክስና የኤንቪዲያ ጠብ

ሊኑክስ የጫኑ ሰዎች ለዓመታት ሲያማርሩበት የኖረ ችግር ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ሰውየው ጽፎ ኢንተር ይጫናል፤ ከዚያ ስክሪኑ ስታክ ያደርጋል። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ኪቦርዱ አይሠራም። አጥፍቶ ሲያበራው ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ይገባል። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ያው ነው። ራም የቀየረ አለ፣ ዲስክ የቀየረ አለ፣ ሲስተሙን አምስት ጊዜ የጫነም አለ። አንዳንዴ እውነትም ጥፋቱ የራሙ ይሆናል። ተደጋግሞ የሚጠረጠረው ግን የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው።

ለምን ሎጊን ላይ? እስከዚያ ድረስ ስክሪኑ የሚያሳየው ጥቂት ጽሑፍና አንድ ሳጥን ብቻ ስለሆነ ካርዱ ብዙ አይደክምም። ፓስወርዱ ሲያልፍ ግን ዴስክቶፑ ይነሳል፣ ካርዱ ተጨማሪ ሥራ ይጀምራል፣ ሜሞሪ ይከፋፈላል። ብዙ ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይሽቀዳደማል። ቅደም ተከተሉ በትንሹ ከተዛባ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁሉም ባለበት ይቀራል። ብልሽቱ ዛሬ ታይቶ ነገ የሚጠፋው በዚህ የተነሳ ነው።

እንዲህ ያለውን ስህተት ለማግኘት ኮዱን ማየት ግድ ይላል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ያየ ሁሉ ያርማል። ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር ነፍጎ አያውቅም፤ ይህ ሊካድ አይገባም፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነበር። ኮዱን ግን ዘጋው። ዝግ ድራይቨር የተጫነበት ከርነል ራሱን "የተበከለ" ብሎ ይመዘግባል፤ ይህ ምልክት ያለበትን የብልሽት ሪፖርት የከርነሉ ገንቢዎች ብዙውን ጊዜ አይመለከቱትም። ክፋት አይደለም፤ ያላዩትን ኮድ ምን ብለው ያርማሉ? ባለቤቱ ግን ገንዘቡን ከፍሎ በገዛው ዕቃ ላይ አቤት የሚልበት አጣ።

በጎ ፈቃደኞች ድራይቨሩ ከካርዱ ጋር የሚለዋወጠውን እየተከታተሉ ኑቮ የተባለ ክፍት ድራይቨር ሠሩ፤ በ2010 በወጣው ከርነል ውስጥ ገባ። ትዕግስታቸው የሚያስገርም ነው። ያም ሆኖ በ2014 የወጡት ጂቲኤክስ 900 ካርዶች በኩባንያው ፊርማ የተቆለፈ ፈርምዌር ካልቀረበላቸው በሙሉ ፍጥነት የማይሠሩ ሆኑ። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይን ገዝቶ በዓመቱ የካርዶቹን ሰነድ ለሕዝብ ለመክፈት ወስኖ ነበር። የኤኤምዲ ካርድም ስታክ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ጥፋቱን ፈልጎ የሚያርም ሰው መኖሩ ነው።

በጁን 2012 ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ ሲናገር አንዲት ሴት ሁለት ግራፊክስ ቺፕ ስላላቸው የኤንቪዲያ ላፕቶፖች ጠየቀችው። እሱም ካጋጠሟቸው ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ኤንቪዲያ መሆኑን ተናግሮ ወደ ካሜራው የመሐል ጣቱን አነሳ። ስድቡ ዓለምን ዞረ፤ የሴትዮዋን ጥያቄ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ኤንቪዲያ በከርነል ውስጥ የሚሠራውን የድራይቨሩን ክፍል የከፈተው በሜይ 2022 ነው። ያኔ ለሥራ ዝግጁ ነው የተባለው ለዳታ ሴንተር ካርዶች ሲሆን፣ ለቤት ካርዶች የተሰጠው ገና የሙከራ ደረጃ ላይ ያለ ነበር። ኩባንያው የማንን ድምፅ እንደሰማ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ዳታ ሴንተሮቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በካርዱ ውስጥ ያለው ፈርምዌርና ከከርነል ውጭ ያለው የድራይቨር ክፍል እስካሁን ዝግ ናቸው።

ከ2018ቱ ቱሪንግ በፊት የወጡ ካርዶች ደግሞ ከመክፈቻው ውጭ ቀሩ። እነዚህን የያዘ ሰው ዛሬም እንደ ድሮው ይሞክራል፦ ስታክ ሲያደርግ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ተጭኖ የጽሑፍ ስክሪን ይመጣ እንደሆነ ያያል። ከመጣ የቆመው ዴስክቶፑ ብቻ ነው ማለት ነው። ካልመጣ አጥፍቶ ያበራና ያለፈውን ማስነሻ መዝገብ ያነባል፤ የሎጊን ገጹ ምርጫ ከሰጠው በዌይላንድ ፈንታ በኤክስ ይገባል። መዝገቡ የድራይቨሩን ስም ከጠራ ተጠያቂው ታወቀ፤ ማረም ግን አሁንም ኮዱን በያዘው ኩባንያ እጅ ነው።