የቅዳሜ መንገድ፦ ከሀዋሳ ይርጋለም በብስክሌት

ዘንድሮ ለዳግም መገናኘታችን ከመጣነው መካከል ሦስታችን በግብርና ኮሌጅ አንድ ዶርም የተጋራን ነን። ከራት ግብዣው በፊት ባለው ቅዳሜ ብስክሌት ተከራይተን ይርጋለም እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አንደኛው ጓደኛዬ "አብደሃል? ስልሳ እየደፈንን እኮ ነው" አለኝ። ሁለተኛው ግን ባጃጅ ከኋላ የሚከተለን ከሆነ ብሎ ተስማማ። ውሃውንም ሙዙንም ባጃጁ ያዘ። እውነቱን ለመናገር፣ በመጨረሻ አንዳችንንም ይዟል፤ ማንን እንደሆነ ግን አልጽፍም።

መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስታችንም አንድ ጊዜ ሄደንበታል፣ በ1979 ዓ.ም.። ያን ጊዜ ኮሌጁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር፤ "ደቡብ ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ስም በ1992፣ "ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ደግሞ በ1998 የመጣ ነው። ለጓደኞቼ ጉዞው ሽርሽር ነበር። ለእኔ ግን አባቴ በየሳምንቱ ይነዳበት የነበረውን መንገድ ማየት ነበር። አባቴ ይርጋለም በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ወደ ሀዋሳ ሲዛወር ከፋይሎቹ ጋር እሱም ተዛወረ። ቤት ግን አልነበረም። እናቴ እኔን ታቅፋ ይርጋለም ቀረች፤ እሱ ሀዋሳ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራየ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ቢሮው ሲዘጋ የሱሪውን እግር ከከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ አስሮ በብስክሌቱ ይነሳል። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይመለሳል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በሀዋሳ ቤት ሠራና ጠቀለለን።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ ስለዚያ መንገድ አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም።

ሀዋሳ የብስክሌት ከተማ የሆነችው በዕድል አይደለም። ከተማዋ ስትቆረቆር ሜዳ ላይ፣ በፕላን፣ ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ይዛ ነው። ቦታው ቀደም ሲል አዳሬ ይባል የነበረ የሲዳማ ከብቶች መሰማሪያ ነው፤ ስሙ ዛሬም በሆስፒታሉ ላይ አለ። በ1952 ዓ.ም. ግድም፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ ከተማው በሐይቁ ዳር ተቆረቆረ። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት። እኛ ተማሪ ሳለን ከግቢ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል አንድም ዳገት አልነበረብንም፤ ፍሬን የሌለው ሳይክል እንኳ ይሠራ ነበር። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት በዚያ ዘመን መምህሩም፣ ነርሷም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በሳይክል ነበር። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲነዱ ማየት ለእኛ ከሌላ አገር ለመጣነው ብርቅ፣ ለሀዋሳ ልጅ ግን ተራ ነገር ነበር። (ይቅርታ፣ እኔ ከይርጋለም ነኝ፤ "ሌላ አገር" ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል።) ባጃጅ ሲመጣ ሳይክሉ ሳሳ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ሀዋሳ ስትራቴጂ ሳይወጣላት ያደረገችውን ማለት ነው።

ተነሳን፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። አላሙራ ተራራን አልፈን እስከ ቱላ ድረስ ወሬያችን አልተቋረጠም። ከቱላ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ወሬውም ቆመ። በመኪና ሲሄዱ ይህ ዳገት አይታወቅም፤ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ በቃ። በፔዳል ግን እያንዳንዱን እርምጃ ጉልበት ይቆጥረዋል። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ጀርባ የሣር ክዳን ቤት። ልጆች እየሮጡ ከኋላችን ይገፉናል። ከመካከላቸው አንዱ በሲዳምኛ የሆነ ነገር ሲል ሌሎቹ ሁሉ ሳቁ፤ ስለ ሆዴ ይመስለኛል።

ከዳገቱ ጫፍ ላይ ወረድኩና ብስክሌቱን አንዱ ባሕር ዛፍ ላይ አስደገፍኩ። በ1979 እዚህ ቆሜ ያላየሁትን ነገር አሁን አየሁ። ከኋላዬ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቁ ደግሞ መውጫ የለውም፣ የገባበት ውሃ እዚያው ይቀራል። ከፊቴ የሚዘንበው ወደ ጊዳቦ ወንዝ፣ ከጊዳቦም ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳል። አባቴ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ የሚሻገረው ይህን ነበር። ጽሕፈት ቤቱም ሲዛወር የተሻገረው ይህንኑ ነው።

የታሪክ መጻሕፍት "ዋና ከተማው ተዛወረ" ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ነገሩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ዋና ከተማው ሲወርድ ነው የምናየው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን ሲገዙ መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ነበረ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ፣ ብርድና ጉም ያለበት ደጋ። ለጦር ሰፈር የሚመች፣ ወባ የማይደርስበት ቦታ ነው። ባልቻ በ1920 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በራስ ደስታ ዳምጠው ጊዜ ይርጋለም መቀመጫ ሆነች፤ ከሀገረ ሰላም ወደ አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ብላ፣ ቡናው መሐል። ይህች ይርጋለም ናት ጣሊያን በኅዳር 1929 የያዛት። ራስ ደስታም ከዚህ አካባቢ ተነሥተው እየተዋጉ ወደ ሰሜን ካፈገፈጉ በኋላ በዚያው ዓመት የካቲት ወር ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ይርጋለም መቀመጫነቷን እንደያዘች ቀጠለች። ቀጥሎ ሀዋሳ መጣች፤ ሐይቅ ዳር፣ ሜዳው ላይ።

ለምን ወረደ? የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ደጋው የወታደር ምርጫ ነበር፤ መካከለኛው የቡና ነጋዴና የአስተዳዳሪ፤ ሜዳው ደግሞ የካሚዮንና የመሐንዲስ። ሐይቅ ዳር ለመኖር መጀመሪያ ወባን መድፈር ያስፈልግ ነበር፤ የወባ ማጥፋት አገልግሎት በአገራችን የተቋቋመውም በእነዚያው ዓመታት፣ በ1951 ነው። የታሪክ ክፍል መምህራን ይህን ግምቴን ቢያፈርሱት አይከፋኝም። የሚከፋኝ፣ የዚያን ጊዜ ፋይል ተሸክመው የወረዱት ጸሐፊዎች፣ ታይፒስቶችና ተላላኪዎች አንድ በአንድ እያለፉ መሆናቸው ነው። ከአባቴ ባልደረቦች እኔ የማውቀው በሕይወት ያለ አንድ ብቻ ነው፤ አቶቴ አካባቢ ይኖራሉ፤ ጆሯቸው ደክሟል፣ ትዝታቸው ግን አልደከመም። ለዚህ ለቴፕ ሪከርደርና ለአንድ ተማሪ የሁለት ቀን ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

ቁልቁለቱን በደስታ ወረድን፤ ሰንሰለቴ አንድ ጊዜ ወለቀ። አፖስቶ ስንደርስ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ አስነፋን፣ ከጎኑ ካለችው ቤት ቡርሳሜ በላን። የዩኒቨርሲቲያችን የአዋዳ ካምፓስ በዚሁ በኩል ነው። እኛ ያን ጊዜ በባዶ ሆድ ያለፍንበት መንገድ ላይ አሁን ተማሪዎች ሻይ ይጠጣሉ። አንዷ ተማሪ ከሀዋሳ በሳይክል መምጣታችንን ስትሰማ "አባባ፣ ታክሲ አጥታችሁ ነው?" አለችን።

ይርጋለም ስንገባ 6 ሰዓት ሊሆን ነበር። ከተማዋ በዛፍ የተሞላች፣ ዝግ ያለች ናት፤ ዋና ከተማነት ከላይዋ ሲነሳ ሩጫውም አብሮ የተነሳላት ይመስላል። የተከራየንበትን ቤት ፈለግኩ። ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ ባለ ብሎኬት ቤት ቆሟል። አጥሩ ጋ ያለው ዝግባ ግን አለ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ 11 ሰዓት ግድም እኔን አዝላ ከዚህ ዛፍ ሥር ትቆም ነበር። አቧራ ለብሶ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ ብስክሌቱን ያጥባል፣ ከዚያ እኔን ይስመኛል። ብስክሌቱ የመንግሥት ስለነበር ነው ትላለች፤ እኔ አላመንኳትም።

ከዛፉ ሥር ሆኜ ደወልኩላት። የት እንዳለሁ ስነግራት ዝም አለች። ቀጥላ "ዳገቱ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ከባድ ነው እማዬ፤ አባዬ ግን አንድ ቀን ከብዶኛል ብሎ አያውቅም።"

"የቅዳሜው አይከብደውም ነበር" አለች። "የሰኞው ነው ይረዝማል የሚለው።"

ሰኞ ማለት ከይርጋለም ወደ ሀዋሳ ያለው ወገን ነው፤ ያው ተራራ በሌላ ጎኑ። በጨለማ፣ መብራት በሌለው ሳይክል፣ ሚስትና ልጅ ከኋላ ትቶ።

ከሰዓት ሚኒባስ ተገኘ። ረዳቱ ብስክሌቶቹን ጣራ ላይ አስሮልን ተመለስን። በ1979ም እንዲሁ በአውቶቡስ ጣራ ነበር የመለስናቸው። ሁለት ጊዜ የነዳሁት የቅዳሜውን መንገድ ነው፤ የሰኞውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።