ባሕር ዛፍን የሣለው ስደተኛ
ሃንስ ሃይዘን በ1877 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በጀርመን አገር በሐምቡርግ ተወለደ። ቤተ ሰቡ በ1884 ወደ ደቡብ አውስትራልያ ሲሰደድ ገና ሕፃን ነበር። ሥዕልን በአደሌድ ከተማ ጀመረ፤ በ1899ም አራት የከተማው ነጋዴዎች 400 ፓውንድ አዋጥተው፥ በውጭ አገር የሚሥላቸውን ሥዕሎች ሊወስዱ ተዋውለው፥ ወደ ፓሪስ ላኩት። በ1903 ከተመለሰ በኋላ ግን ዝናውን ያገኘው በደጁ የቆመውን ባሕር ዛፍ በመሣል ነው።

ይህ ዛፍ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ዘሩ ወደ አዲስ አበባ የገባው የዚሁ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ለማገዶና ለቤት ሥራ በለጋነቱ ሲቈረጥ ብቻ ያየ ሰው፥ የሃይዘንን ዛፎች ሌላ ፍጥረት ናቸው ሊል ይችላል። ግንዳቸው እጅግ የወፈረ፥ ቅርፊታቸው እየተላጠ የሚረግፍ፥ የብዙ ዘመን ዛፎች ናቸው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎችም ባሕር ዛፍን ሥለዋል፤ ሃይዘን ግን ዛፉን ራሱን የሥዕሉ ባለቤት አደረገው። ብዙውን ጊዜም ፀሐይን ከዛፉ ጀርባ አድርጎ፥ ብርሃኑ በአቧራና በቅጠል መካከል ሲያልፍ ያሳያል። በ1914 ተጀምሮ በ1921 የተፈጸመው፥ መንጋ ወደ ብርሃን ሲነዳ የሚታይበት ትልቅ ሥዕሉ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በመልክዐ ምድር ሥዕል የሚሰጠውን የዊን ሽልማት ከ1904 እስከ 1932 ድረስ ዘጠኝ ጊዜ አግኝቷል።

ስደተኛ ስለ ሆነ አገሩን በአዲስ ዐይን አየ የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በሕፃንነቱ የመጣ ሰው ከአገሩ ተወላጅ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ይልቅስ ከ1908 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በሃንዶርፍ መንደር አካባቢ መቀመጡ፥ አንዱን ዛፍ በየወቅቱ ደጋግሞ እንዲያይ አስችሎታል። ዛፎቹ እንዳይቈረጡም አጥብቆ ይሟገት ነበር።

ሃንዶርፍ በ1839 ከፕሩስያ በመጡ ሉተራውያን የተቈረቈረ፥ ስሙንም ካመጣቸው መርከብ አዛዥ ከሃን የወሰደ መንደር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የደቡብ አውስትራልያ መንግሥት በ1917 የሉተራውያንን ትምህርት ቤቶች ዘጋ፤ በ1918ም የ69 ቦታዎችን የጀርመንኛ ስም ሲለውጥ፥ ሃንዶርፍ አምብልሳይድ ተባለ። ሃይዘንም የአገሪቱን ዛፍ ለአገሪቱ ሰዎች ያሳየ ሰው ሆኖ ሳለ፥ በትውልዱ ምክንያት በጥርጣሬ ከመታየት አልዳነም።

በቤቱ ውስጥ የሣላቸው የአበባና የፍራፍሬ ሥዕሎች ከዛፎቹ ያነሰ ዝና አላቸው፤ ነገር ግን በሜዳ ብርሃንን የሚከታተለው ዐይን በጠረጴዛ ላይም ያው ነው። ከ1926 ጀምሮ ደግሞ ወደ ሰሜን፥ ወደ ደረቁ የፍሊንደርስ ተራሮች ደጋግሞ ተጓዘ። በዚያ ጭጋግና ለስላሳ ብርሃን የለም፤ ስለዚህ ሥዕሉ ተለወጠ፤ የምድሪቱ አጥንት እስኪታይ ድረስ ዐለቱን በጥርት መሥመር አወጣው።

የመንደሩ የቀድሞ ስም በ1935 ተመለሰ። ሃይዘንም በ1959 የ«ሰር» ማዕርግ ተቀብሎ በ1968 ሞተ። አበባ በመሣል አባቷን የተከተለችው ልጁ ኖራ ግን፥ አባቷ ገና በሕይወት ሳለ፥ በ1943 ከአውስትራልያ ሴቶች የመጀመሪያዋ የመንግሥት የጦርነት ሠዓሊ ሆና ተሾመች።