ከሮም በፊት

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣውን የእንጦጦን መንገድ በማለዳ የሄደበት ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኞች ሲተላለፉ ያያል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ደፍተው፣ እንደ ጀበና እየተነፈሱ ሽቅብ የሚሮጡ ወጣቶችም አሉ። አንዱ ወገን ሸክሙን ይዞ ይወርዳል፤ ሌላው ሸክሙን ይዞ ይወጣል። የሁለተኛው ሸክም ግን በዓይን አይታይም።

እኔ ሯጭ አይደለሁም። እንጦጦ የምወጣው አየር ለመቀበል ነው፤ እሱም ቢሆን ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ለእንግዳ ሳንባ ደግ አይደለም። አንድ ቀን ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ጫማውን ሊያስር ቁጢጥ ካለ ወጣት ጋር ወግ ጀመርን። አምስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ተራራ ላይ እንደሮጠ ነገረኝ። “ታዲያ ስንተኛ ትወጣለህ?” አልኩት። ጥያቄው እንደማያስደስት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን አልከፋውም። “ባለፈው አገር አቋራጭ 58ኛ ወጣሁ፣ ጋሼ። ከዚያ በፊት 90 ቤት ውስጥ ነበርኩ” አለና ተነሥቶ ሄደ።

ይህ መልስ ብዙ ቀን ሲከተለኝ ሰነበተ። ስለ ሯጮቻችን ስናወራ የምናውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ስንተኛ ወጣ? አንደኛ ከሆነ ስሙን ለመንገድና ለልጆቻችን እናወጣለን። ሦስተኛ ከሆነ ቶሎ እንረሳዋለን። ከዚያ በታች ከሆነማ አበው እንዳሉት በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ይበዛበታል። የኦሎምፒክ ታሪካችንንም የምንተርከው በዚሁ ልማድ ነው። ከሮም እንጀምራለን፤ ከባዶ እግሩ አበበ ቢቂላ። ከሮም በፊት ግን ሜልቦርን ነበረች። ለዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያች የተረሳች መጀመሪያ ነው።

የእንጦጦን ተራራ ያለበሰው ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ስሙም እንደሚነግረን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ማገዶ አጥታ ልትፈታ ለደረሰችው አዲስ ከተማ ይህን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አስመጡ። ዛፉ ከመጣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢትዮጵያ በተራዋ ልጆቿን ወደ አውስትራሊያ ላከች። የኦሎምፒክ ኮሚቴዋ በዓለም አቀፉ ኮሚቴ ዘንድ እውቅና ካገኘ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። ኅዳር 13 ቀን 1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ጨዋታ ሲከፈት 12 ኢትዮጵያውያን ተገኙ። ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ የተወዳደሩትም በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር።

ውጤቱን ላንብብላችሁ። ሜዳልያ የለም። ንጉሤ ሮባ የሚባል ወጣት በአጭር ርቀት ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ማሞ ወልዴ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በዱላ ቅብብል ተሰልፎ በሦስቱም ከመጀመሪያው ማጣሪያ ቀረ። ኅዳር 22 በተደረገው ማራቶን ባሻዬ ፈለቀ 29ኛ፣ ገብሬ ብርቃይ 32ኛ ሆነው ገቡ። ሩጫውን የጨረሱት 33 ነበሩና ከገብሬ ኋላ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለነገሩ ያን ዕለት ሩጫውን አቋርጠው የቀሩት ከ10 በላይ ነበሩ፤ የኛዎቹ ግን ሁለቱም ጨረሱ። ዛሬ ቢሆን በየሻይ ቤቱ ምን እንደምንል ልናገር? “ይህን ለማሳየት ነው ያን ያህል አገር የሄዱት?” ነበር የምንለው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ስለ አበበ ቢቂላ ከሚነገሩ ታሪኮች አንዱ የሚከተለው ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ አንድ ቀን በሰልፍ ላይ፣ ጀርባው ላይ “ኢትዮጵያ” የሚል የተጻፈበት ልብስ የለበሱ ሰዎች ሲያልፉ አየ። እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። በሜልቦርን ኦሎምፒክ አገራቸውን ወክለው የተወዳደሩ ናቸው ተባለ። ያን ልብስ እኔም እለብሳለሁ ብሎ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ታሪኩን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አበበ “ስንተኛ ወጡ?” ብሎ ጠየቀ የሚል ግን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ለእሱ መሄዳቸው፣ ስሟን ለብሰው መመለሳቸው በቂ ነበር።

አራት ዓመት አልሞላም። በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የሠለጠነው አበበ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሩጫው ያለቀው ከመሸ በኋላ በመሆኑ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ የኢጣልያ ወታደሮች ችቦ ይዘው በግራና በቀኝ ቆመው ያበሩ ነበር። አበበ በዚያ ብርሃን መካከል ሲሮጥ በአዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ አገሩም ለዐውደ ዓመቱ ችቦ የሚለኮስበት ምሽት ነው። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሮጦ በመጨረሻ የተለየው ፋሽስቶች ከአገራችን ወስደው ባቆሙት የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሆነ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን ከዚህ በፈጠነ ጊዜ የሮጠ አልነበረም። በዚያው ሩጫ 7ኛ የወጣ ሌላ አበበ ነበረን፤ አበበ ዋቅጅራ። ስሙን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሮጦ ደግሞ አሸነፈ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በሜልቦርን ሦስት ጊዜ ከማጣሪያ የቀረው ማሞስ? ወደ ሮም አልሄደም፤ በቶኪዮ 10,000 ሜትር ሮጦ 4ኛ ወጣ። በሜክሲኮ በ10,000 ሜትር ብር አገኘ። ከዚያም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ እግሩን ታምሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ማራቶኑን ማሞ አሸነፈ። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር ነው። ስስ አየር ሰውነትን ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ስለሚያስገድድ፣ ብዙዎች የታፈኑበት ከተማ ለደገኛው ቤቱ ነበር። ከማጣሪያ መቅረት እስከ ወርቅ ሜዳልያ 12 ዓመት ፈጀ። ማሞን በ1949 ዓ.ም. “አይረባም” ብለን ብናሰናብተው ኖሮ ያ ወርቅ ከየት ይመጣ ነበር?

የንጉሤ ሮባ ነገር ከዚህም ይልቅ ያስደንቀኛል። እሱ ሜዳልያ አላገኘም፤ አሠልጣኝ ሆነ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ በሞስኮ 10,000ውንም 5,000ውንም ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ንጉሤ ነበር። ምሩጽ ከስምንት ዓመት በፊት በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ግን አምልጦት ነበር። ከማጣሪያ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መገኘቱ እንዴት ያለ ነገር ነው!

የሚያሳዝነው ግን ተሸንፎ የመመለስ ዕድል እንኳ ያላገኙት ናቸው። ኢትዮጵያ በሞንትሪያል (1968)፣ በሎስ አንጀለስ (1976) እና በሶል (1981) ሳትሰለፍ ቀረች። ምክንያቱ በሞንትሪያል የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ነበር፤ በኋለኞቹ ሁለቱ የምሥራቅና የምዕራብ ጎራ ጣጣ። ምሩጽ በሞንትሪያል አልሮጠም። በላይነህ ዲንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ቆየ። ባለ ክብረ ወሰኑ ግን በሶል አልታየም። ወደ ኦሎምፒክ የተመለስነው በባርሴሎና ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ሆነች። ሜልቦርን አንዲት ሴት ያልላከች አገር 36 ዓመት ቆይታ እዚህ ደረሰች።

አበበ ራሱ አንደኛ ያልሆነበትን ዓለም አይቷል። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ሲታከም ቆይቶ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ተወዳደረ። ዓለምን ሁለት ጊዜ ያስደነቀ ሰው፣ ለማሸነፍ ሳይሆን ለመወዳደር ብቻ ከጀማሪዎች ጋር ተሰለፈ። ስለ አበበ ትልቅነት ስንናገር ሮምንና ቶኪዮን እንጠራለን፤ እኔ ግን ይቺን ሦስተኛዋን ብጨምርባት እወዳለሁ።

በቅርቡም ይኸው ተደገመ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ማራቶን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን የሰበረው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ የተሰለፈው ሲሳይ ለማ ስለ ተጎዳ ነው። በዚያው ሩጫ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ገባ። አላቋረጠም። አንዱ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ አንደኛ ሆነ፤ ሌላው ከአንደኝነት ወርዶ 39ኛ ገባ። የሁለቱም መለያ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው።

አሸናፊን አናክብር አላልኩም። የወርቅ ደስታ የአገር ደስታ ነው፤ እኔም ከሚያለቅሱት አንዱ ነኝ። የምለው፣ ሕዝብ ወርቁን ብቻ ሲያይ ወርቁ የሚበቅልበትን አፈር ይረሳል ነው። ለአንድ ማሞ ስንት ገብሬ ብርቃይ እንደሚያስፈልግ ያልገባው አገር፣ አንድ ኦሎምፒክ ሳይቀናው ሲቀር አሠልጣኙን ያባርራል፤ ልጆቹን ይወቅሳል፤ ራሱንም ይንቃል። ከሜልቦርን የተመለሱት 12 ሰዎች ያመጡልን ልብሱን ነው። ልብሱን ያየ አንድ ወታደር ደግሞ ሮምን አመጣ።

ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የእንጦጦ ተራራ ከመቶ ዓመት በላይ ምሳር ሲበዛበት ኖሮ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ወጥቼ ነበር። ያን ወጣት አላገኘሁትም፤ ሌሎች ግን ሲሮጡ አየሁ። የመጨረሻው ከጓደኞቹ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ባጠገቤ ሲያልፍ “አይዞህ!” አልኩት። ስንተኛ እንደሚወጣ አልጠየቅሁትም።