ስኳርን በምን ልተካ? ለሻይ፣ ለዳቦና ለምግብ የሚሆኑ ማጣፈጫዎች

ስኳር እንዲቀንሱ የተነገራቸው ታካሚዎች ከምርመራ ክፍል ሳይወጡ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ «ታዲያ ሻዬን በማር ልጠጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቀን አራት ስኒ ሻይ ወይም ቡና በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከዚሁ ብቻ 48 ግራም ገደማ ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም ወይም 6 የሻይ ማንኪያ ይሆናል። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባሉ።

ምትክ ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ያስቡ፦ ስኳር የሚቀንሱት ለምንድን ነው? ማጣፈጫውን የሚጨምሩትስ ምን ላይ ነው?

ማር ከስኳር ይሻላል?

የስኳር ሕመም ካለብዎ አይሻልም። ከማር ክብደት 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ማር ከባድ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ወደ 6 ግራም ስኳር ሲይዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን 4 ግራም ገደማ ነው። ብርዝም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ቡናማ ስኳር ከነጩ የሚለየው በቀለምና በጣዕም እንጂ በደም ስኳር ላይ በሚያመጣው ለውጥ አይደለም። ቴምር አሰር ቢኖረውም ስኳሩ ብዙ ነው።

ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ለሳልም ሆነ ለሌላ ምክንያት ማር አይስጡ። ቦቱሊዝም የተባለ ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ የስኳር ምትኮች

• አስፓርቴም፦ ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። ሙቀት ሲበዛበት ጣዕሙ ስለሚጠፋ ለመጋገር አይሆንም። ለሻይ ከሆነ፣ ሻዩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨምሩት። ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚወረስ ሕመም ያለባቸው ሰዎች መውሰድ የለባቸውም።

• ሳካሪን፦ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን አፍ ላይ መረር የሚል ጣዕም ይተዋል።

• ሱክራሎዝ፦ ከስኳር 600 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። ለመጠጥም ለመጋገርም ያገለግላል።

• ስቴቪያ፦ ከደቡብ አሜሪካ ተክል ቅጠል የሚወጣ፣ በፋብሪካ የሚጣራ ማጣፈጫ ነው። ሙቀት ይችላል፤ ሲበዛ ይመራል።

• ዛይሊቶል፣ ሶርቢቶልና ኤሪትሪቶል፦ የደም ስኳርን ከስኳር ባነሰ መጠን ይለውጣሉ። ዛይሊቶልና ሶርቢቶል ሲበዙ ሆድ ይነፋሉ፣ ተቅማጥም ያመጣሉ። ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ስለሆነ ያርቁት።

በዱቄት መልክ የሚሸጡ አንዳንድ ማጣፈጫዎች ለመጠን ማብዣ ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮዝ ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ «ስኳር የለውም» የሚለውን ብቻ ሳይሆን የካርቦሃይድሬቱን መጠንም ያንብቡ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ አዲስ ማጣፈጫ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ካንሰር ያመጣሉ?

በ2023 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን መሆኑን ያመለክታል። በዚያው ጊዜ መጠኑን የሚገመግመው የባለሙያዎች ኮሚቴ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊግራም የሚለውን ገደብ አልለወጠም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጣት ይኖርበታል።

ለክብደት መቀነስ ግን ብዙ አይጠብቁባቸው። ድርጅቱ በዚያው ዓመት እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር መጠቀምን አልመከረም። ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

በቤት ውስጥ እንዴት ይጠቀሙ?

ለሻይና ለቡና፦ በየሳምንቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይቀንሱ፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ባነሰ ስኳርም ይጣፍጣል።

ለዳቦና ለኬክ፦ ስኳር ከማጣፈጥ ሌላ ኬክን ያለሰልሳል፣ ያቀላል፣ መጠን ይሰጠዋል። ሙሉ በሙሉ ከመተካት ይልቅ በመጀመሪያ ሩቡን ይቀንሱ። ዱቄቱ ራሱ ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር እንደሚለወጥ አይርሱ፤ ያለ ስኳር የተጋገረ ዳቦም በልክ ነው የሚበላው።

ለስጎና ለስልስ፦ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ለማለዘብ ስኳር ከመጨመር ይልቅ ቀይ ሽንኩርቱን በቀስታ ያቁላሉት፤ የራሱን ጣፋጭነት ይሰጣል።

ስኳርዎ ሲወርድ ምትኩ አያድንም

ይህን ቤተሰብም ማወቅ አለበት። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ግራ ሲጋባ፣ የሚያስፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው። የስኳር ምትክ የገባበት ሻይ ወይም ስኳር አልባ ለስላሳ ምንም አይረዳውም። ማርም ለስኳር ሕመምተኛ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተሻለው ይድገሙ። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡት፤ በጎኑ አስተኝተው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ይውሰዱት።

ስለዚህ ቤትዎ ውስጥ ሻይ የሚጠጡት በምትክ ቢሆንም እንኳ ጥቂት ስኳር በሚታወቅ ቦታ ያስቀምጡ። ሲወጡም ኪስዎ ውስጥ ትንሽ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ።