ታሌኳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የዛሬው ወሬ የባሕር ነው። እኛ ዓሣ ነባሪ ሲባል ዮናስ ትዝ የሚለን ሰዎች ነን፤ የዛሬዋ ግን ማንንም አልዋጠችም፣ ተሸከመች እንጂ።

ካናዳና አሜሪካ በሚዋሰኑበት በምዕራቡ ዳርቻ፣ ሳሊሽ የሚሉት ቀዝቃዛ ባሕር አለ። እዚያ ጥቁርና ነጭ የለበሱ ኦርካዎች ይኖራሉ፤ ሰው ከዓሣ ነባሪ ቢቆጥራቸውም ወገናቸው ዶልፊን ነው፣ ደግሞም ዓሣ አይደሉም፤ ያጠባሉ፣ አየር ይስባሉ፣ አፍንጫቸውም አናታቸው ላይ ነው። ወንዱ ጎልምሶ እንኳ ከእናቱ ጎን አይጠፋም፣ ቤተሰቡንም የምትመራው አሮጊቷ ናት።

ከእነዚህ አንዷ ታሌኳ ናት። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አርግዛ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱም ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ሞተች። ገና የተወለደች ኦርካ በቂ ስብ አልያዘችምና አትንሳፈፍም፣ ትሰምጣለች። እናቲቱም በግንባሯ ደገፈቻትና መዋኘት ጀመረች፣ ከዚያም ማዕበሉ ሲጥልባት ቆም አለች፣ አየር ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ ወደ ታች ጠለቀች፣ ይዛትም ወጣች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኛ ተኝተንም እንተነፍሳለን። እነሱ ግን እያንዳንዷን ትንፋሽ አስበው ነው የሚስቧት፤ ሲያንቀላፉ እንኳ ግማሽ አንጎላቸው ነቅቶ የሚጠብቀው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ልጅቱ በሰመጠች ቁጥር እናት ትንፋሿን እየቆጠረች ትወርድ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንድ የሳን ሁዋን ደሴት ነዋሪ ከባሕሩ ዳር ሆኖ አምስት ስድስት ኦርካዎች ክብ ሠርተው አየ፤ ጨለመ፣ ጨረቃም ወጣች፣ እነሱም ጨረቃዋ ውኃው ላይ በዘረጋችው ብርሃን መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ሊቃውንቱ ሐዘን ነው ለማለት ይጠነቀቃሉ፣ ወጉም ነው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ያውቀዋል።

ከዚያ ነጋ፣ መሸ፣ ደግሞ ነጋ። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ተሸከመቻት፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ደርሶ መልስ በሉት። በመጨረሻም ከዘመዶቿ ጋር ሳልመን የተባለውን ዓሣ ስታሳድድ ታየች፣ ግንባሯም ባዶ ነበር።

ያ ሳልመን ነው እንግዲህ ነገሩ። ዋና ቀለባቸው ቺኑክ የሚባለው ትልቁ ሳልመን ነው፤ ወንዙ ተገደበ፣ ዓሣው ተመናመነ፣ የተራበች እናትም ጽንሷ አይጸናም። ያኔ ከታሌኳ ወገን የቀሩት 75 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ታሌኳ ወንድ ልጅ ወለደች፣ እሱስ አደገላት። ከዚያ ደግሞ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ሴት ልጅ መጣች፣ ሰውም ደስ አለው። በአዲሱ ዓመታቸው የመጀመሪያ ቀን፣ በዚያ የክረምት ብርድ፣ ሊያዩዋት የወጡት ሰዎች ታሌኳን አገኟት፤ ግንባሯ ላይ ልጅ ነበር፣ አይንቀሳቀስም።