ስለ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ጌጥ

በኢትዮጵያ ደብር ሲተከል አስቀድሞ የሚታሰበው ሕንፃው ቢሆንም፥ ዐጸዱ ከሕንፃው የማያንስ ክብር ሲሰጠው ኖሯል። ዐጸድ የሚባለውም በቅጽር የታጠረው የቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው፤ ይኸውም ሙታን የሚያርፉበት፥ ሕዝብ ከቅዳሴ በኋላ በጥላው የሚሰበሰብበት፥ ዛፉም በዘፈቀደ የማይቈረጥበት ስፍራ ነው። የቀደሙት ሰዎች ይህን ስፍራ ሲያስጌጡ ከሩቅ አገር ያስመጡት ነገር ጥቂት ነው። ድንጋዩን ከእርሻው፥ ጽዱንና ወይራውን ከዱሩ፥ ቄጠማውን ከወንዙ ዳር አገኙ። ከሩቅ የመጣ ጌጥ ቢኖር በጕልላቱ መስቀል ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቍላል ነው፤ እርሱም ቢሆን የሰው እጅ የሠራው አይደለም። በጣና ገዳማትም ቀጫጭን ድንጋዮች ከእንጨት ላይ ተንጠልጥለው እንደ ደወል ይመታሉ፤ ድምፃቸውም የብረት ያህል ጥሩ ነው።

በጎንደር የሚገኘው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ደብሩን የተከሉት ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት ታላቁ አፄ ኢያሱ ናቸው (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ቅጽሩ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ክብ ክብ ግንቦች ቆመውበታል፤ የውስጡ ጌጥ ግን ጽዱ ነው። በ1888 ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠሉ ጊዜ ይህ ደብር ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ።

በገጠር የሚሠራው ቅጽር ካብ ነው። ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እየተመረጠ ይደረደራል፤ ትልቁ ከታች፥ ትንሹ ከላይ ሆኖ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል። የዝናቡም ውኃ በመካከሉ ሾልኮ ስለሚያልፍ ካቡን አይገፋውም። ይህን ሥራ የገበሬ ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው የዐጸዱን ዕድሜ የሚያረዝመው ምን እንደ ሆነ አላስተዋለም።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በፈጸሙት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ፤ ከነዚህም 160ው የአገሩ ተወላጆች ናቸው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ ሲራቈት ለብዙዎቹ መጠጊያ የሆናቸው ዐጸዱ ነበረ። ነገር ግን ቅጽር በሌለበት ከብት እየገባ ቡቃያውን ይበላል፥ ይረግጣልም፤ ስለዚህ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ልጅ አይኖረውም። ከብት በሚገባበትና በታጠረ ስፍራ ዘር ተዘርቶ፥ ችግኝም ተተክሎ ሲመረመር፥ በታጠረው ውስጥ የበቀለውና የጸደቀው በዝቶ ተገኝቷል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግና ስለሚሸጥ በብዙ ዐጸድ ተተክሏል። ገቢ የሌለው ደብር ይህን ማድረጉ አያስወቅሰውም። ሆኖም ጽዱና ወይራው በቆሙበት በዚያው ስፍራ ሲተከል ውኃውንና ብርሃኑን ይሻማቸዋል፤ ሁለት መቶ ዓመት የቆመውንም ጽድ በዐሥር ዓመት ባሕር ዛፍ መተካት ኪሳራ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የዛፍ ሊቅ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱ ጋር ተመካክረው በደቡብ ጎንደር የአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ በካብ እንዲታጠር አድርገዋል። ድንጋዩን የለቀመው የአጥቢያው ሕዝብ ከገዛ እርሻው ስለ ሆነ፥ ዐጸዱ ሲታጠር ማረሻው የሚሰናከልበትም ነገር ቀነሰ።