ራስ ዳርጌና ቤተሰባቸው

በሬዲዮ የሰማችሁት ንግግር ይኸው በወረቀት ሰፍሮ እጃችሁ ገባ። በጆሮ የሰማችሁትን ዛሬ በዓይናችሁ ተከተሉት። ሲከብዳችሁ ቆም በሉና ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

እንግሊዝን ከ1829 እስከ 1893 ዓ.ም. የገዙ ቪክቶሪያ የሚባሉ ንግሥት ነበሩ። በዘመናቸው የብዙው የእንግሊዝ ባላባት ሀብት መሬት ነበር። ባላባቱ አያርስም፤ የሚያርሰው ገበሬ ኪራይ ያገባለታል። አየርላንድ በምትባለው አገር ኪራዩን መክፈል ያቃተው ገበሬ ከነልጆቹ ከጎጆው ይባረር ነበር። ይህን ስትሰሙ የአርሲና የባሌ ሰዎች፣ «ይህማ እኛም ቤት ነበር» ሳትሉ አትቀሩም። አዎን፣ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዙን እዚያው እንተወውና የራሳችንን ጌታ ታሪክ እንይ። እኚህም ሰው የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ናቸው። ስማቸው ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነው።

ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ለዐፄ ምኒልክ አጎት ይሆናሉ። ንጉሥ ልጅ መሆን ግን ሁልጊዜ ምቾት አይደለም። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ ዳርጌም ሕፃኑ ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ነገሡም። ዳርጌም ኋላ ከወንድማቸው ልጅ ዘንድ ትልቅ አማካሪ ሆኑ። ምኒልክ እንደ አባት ያከብሯቸው ነበር።

እስቲ ወደ እኛ አገር እንምጣ። አርሲን ለመያዝ የተደረገው ጦርነት አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ዓመታት የፈጀ ዘመቻ ነበር። የአርሲ ኦሮሞዎች እነ ሌንጂሶ ዲጋን የመሰሉ መሪዎች ነበሯቸው፤ ጀግኖችም ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ግን ጦርና ጋሻ ነው። የራስ ዳርጌ ሠራዊት ጠመንጃ ነበረው። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ በተባለ ስፍራ ላይ እጅግ ብዙ የአርሲ ሰው አለቀ። በዚያው ጦርነት ዘመን አኖሌ ላይ የወንዶች እጅና የሴቶች ጡት እንደተቆረጠ በአርሲ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። በ2006 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ከአርሲ በኋላ ጦሩ ዋቤን ተሻግሮ ወደ ባሌ ዘለቀ። ጎባም የጦር ሰፈርና የገዢዎች ከተማ ሆነች።

ታዲያ የዚያን ጊዜ ጌታ ሀብቱ ምን ነበር? ወርቅ ነው? አይደለም። አንድ ቃል ላሳያችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፦ ገ-ባ-ር። ገባር ማለት የሚገብር ሰው ነው። ለመኳንንቱም ለወታደሩም ደመወዝ በብር አይከፈልም ነበር። በማዕረጉ ልክ ይህን ያህል ገባር ተብሎ ይሰጠው ነበር። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፤ እንጨት ይለቅማል፤ አጥር ያጥራል፤ ጌታው ሲዘምት ስንቁን ይሸከማል። ሚስቱ የጌታውን እህል ትፈጫለች። ወፍጮውም የድንጋይ ነው፤ ገብስ በድንጋይ የፈጨች እናት ያላችሁ ክብደቱን ታውቁታላችሁ። የጌታ ቤት እንጀራ ሁሉ እንዲህ ተፈጭቶ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰባቸው ልመለስ። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ፣ አዲስ አበባን እንዲጠብቁ የተውት ራስ ዳርጌን ነው። ከዚህ በላይ እምነት የለም። ነገር ግን አንዱ ልጃቸው ልጅ ጉግሳ (ይህ «ልጅ» የሚለው የማዕረግ ስም ነው) ለትምህርት ስዊዘርላንድ ነበር። አብሮት የሄደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ ኋላ በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፈው ሰው። በጦርነቱ ሰሞን እነዚህ ተማሪዎች ተታለው ወደ ጣሊያን ወገን አለፉ። አስቡት እንግዲህ! አባት የአገር መዲና ይጠብቃል፤ ልጅ በጠላት እጅ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ለሽማግሌው አዘንኩ። በአዙሌ ለሞቱትም አዝናለሁ። አንዱ ሐዘን ሌላውን አያስቀረውም።

ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. ሞቱ። ንግሥት ቪክቶሪያ የሞቱት ዓመት ሳይሞላ ነው።

የቤቱ ስም የቀጠለው በሴት ልጃቸው በወይዘሮ ትሰሜ በኩል ነው። የእርሳቸው ልጅ ራስ ካሣ ኃይሉ ሰላሌን ገዙ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ራስ ካሣ ከንጉሡ ጋር ተሰደዱ፤ ሦስት ልጆቻቸው ግን አገር ውስጥ ቀሩ። በ1929 ዓ.ም. አበራና አስፋ ወሰን «ምሕረት ታገኛላችሁ» ተብለው እጃቸውን ሲሰጡ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ወንድወሰንም በላስታ በኩል ተይዞ ተገደለ። ለአባታቸው የቀራቸው ወንድ ልጅ አሥራተ ብቻ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በባሌ ሌላ ነገር መጣ፦ ቀላድ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። መሬቱ እየተለካ በወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱን ግን ገበሬው አያነብም፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። ግብር ከዘገየ መሬቱ ይወሰድና ለሌላ ይሰጣል፤ ያው ገበሬ በአባቱ መሬት ጭሰኛ ይሆናል። የግብሩ ብዛትና የመሬቱ መነጠቅ በዋቆ ጉቱ መሪነት ለሚታወቀው የባሌ አመፅ ዋና ምክንያት ነበሩ። አመፁ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ገደማ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከእነርሱ አንዱ የራስ ካሣ የመጨረሻ ልጅ፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ነበሩ። ለራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው።

ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው። እንግዲህ እርሳሳችሁን ያዙና አካፍሉት፤ በጋሻ የሚቆጥረው ጌታም፣ ሲናና ላይ ገብስ የሚዘራው ጭሰኛም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሩብ ጋሻ በላይ አይፈቀድለትም ነበር።